የእትዬ ሶልያና ሳህኖች

ይህ የምነግራችሁ ነገር ከራሱ እስከ እግሩ እውነት ነው። ብዋሽ የቤቴ ሙቀት ለዋጭ ቀጥ ይበል! ብዋሽ በቀትር ባዶ እግሬን ሐዲድ ላይ አቁሙኝ። "ኪሩ ሲምል ነው የሚፈራው" የሚሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። የዶሮዋን ወሬ ይዘው ነው። የዶሮዋም ወሬ ቢሆን እውነት ነው፤ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ግንቦት ላይ፣ አንዲት ዶሮ ከጥላ ወጣ ብላ እንቁላል ጣለች፣ ስንሰብረው የተቀቀለ ሆኖ ተገኘ። ልጬ በላሁት። ጨው ብቻ ነው ያጠረው።

ሙሉ ስሜ ኪሩቤል ነው። ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ ደክሞት ትቶኝ ሄደ። ሥራዬ ሳህን ማጠብ ነው። ሆቴል እንዳይመስላችሁ፤ የማጥበው የሙቀት ለዋጭ ሳህን ነው። የድሬን ውሃ ታውቁታላችሁ፣ ኖራ የተበጠበጠበት ይመስላል። ባለፈበት ሁሉ ነጭ ቅርፊት ትቶ ይሄዳል። እኔ ከቤት ቤት እየዞርኩ ለዋጭ እፈታለሁ፣ ሳህኖቹን በሎሚ አሲድ እዘፈዝፋለሁ፣ እፈትጋለሁ፣ መልሼ እገጥማለሁ። ያልታጠበ ለዋጭ ያለበት ቤት በሦስት ወሩ ምድጃ ይሆናል።

ለዋጯ ከቤቱ ጀርባ ግድግዳ ላይ የተሰካች ሳጥን ናት። ውስጧ ስስ የብረት ሳህኖች እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደርድረዋል። በሳህኑ ፊት የቤቱ ሙቀት ያልፋል፣ በጀርባው ከጥልቅ ጉድጓድ የመጣ ቀዝቃዛ ውሃ ያልፋል። ሳይነካኩ ይለዋወጣሉ። ውሃው ሙቀታችንን ተሸክሞ በቀዩ ቧንቧ ከከተማ ዳር ወዳሉት ማማዎች ይሄዳል፣ ማማዎቹ ወደ ሰማይ ይተፉታል፣ ሰማዩ ደግሞ መልሶ በረንዳችን ላይ ያወርደዋል። በዚህ የተነሳ ፀሐይ እስክትጠልቅ በረንዳ ላይ የሚቆም የለም። የቆሙም ነበሩ፤ አሁን የሉም።

ድሮ ለዋጮቹ ትልልቅና አባካኝ ነበሩ ይባላል። ቀስ በቀስ ተሻሻሉ። ሳህኑ ሳሳ፣ ቦዩ ጠበበ፣ ውሃው ተቆጠበ። በመጨረሻ እንደ ሱፍ ልብስ በልክ መሠራት ጀመሩ፤ ለአንድ ነፍስ ሰባት ሳህን። ቤቱ ስንት ሰው እንደሚችል ከደጃፉ በላይ በቁጥር ይበራል። አምስት የሚል ቤት ስድስተኛ ሰው ሲገባበት ለዋጯ ትጮኻለች። ጩኸቷን ንቆ የተቀመጠ ምን እንደሚደርስበት፣ ሠርግ ላይ "ዛሬ እንኳን ይጩኽ" ብለው በር የዘጉ ሰዎች ነበሩ፣ እነሱን ያወጡት ይንገሯችሁ።

እና ኑሯችን በቁጥር ሆነ። እንግዳ ደጃፍ ደርሶ "እንዴት ዋላችሁ" አይልም፤ "ቦታ አለ?" ነው የሚለው። የሚሯሯጥ ልጅ "ተቀመጥ፣ አታሙቀን" ይባላል። ባልና ሚስት ሊጣሉ ሲሉ አንደኛው በውሃ የተነከረ ፎጣ ተከናንቦ ውጭ ይቆማል፣ ከዚያ ውጭው ይብስበትና ታርቆ ይገባል። ሳቅም በመጠን ነው። እኔ ወሬዬን ስጀምር "ኪሩ፣ ቀስ አቦ፣ አስሞቅኸን" ይሉኛል። አንድ ጊዜ የእድራችንን ዳኛ የጋሽ ኦብሳን ደጃፍ ቁጥር ከአምስት ወደ አስራ አምስት ቀይሬባቸው፣ ማታውኑ የአክስት የአጎት ልጅ ሁሉ ተሰልፎ መጣባቸው። ለዋጯ ጮኻ ነው የገባቸው። እስከ ዛሬ ባዩኝ ቁጥር ቀና ብለው ደጃፋቸውን ያያሉ።

ለቅሶም በተራ ሆነ። ጋሽ ኦብሳ ፊሽካ ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። ቤቱ የቻለውን ያህል ሰው ይገባል፣ "ነፍስ ይማር" ይላል፣ ትንሽ ይቀመጣል፣ ፊሽካው ይነፋል፣ ይወጣል። ማልቀስ አልተከለከለም። ግን የሚያለቅስ ሰው እንደ አንድ ተኩል ስለሚቆጠር፣ ጨዋ ሰው አያለቅስም።

ሌላም ሥራ አለኝ። ሰው በሞተ በሦስተኛው ቀን የሟችን ሰባት ሳህን ከለዋጯ የማወጣው እኔ ነኝ። ሳህኖቹ ታጥበው አዲስ ለተወለደ ይሰጣሉ። ከደጃፉ በላይ ያለችው ቁጥር በአንድ ትቀንሳለች። ሰው የጎደለበት ቤት፣ ሰው የሚያስገባበትም ይጎድልበታል ማለት ነው። ይህን የማወራችሁ ቅሬታ ለማሰማት አይደለም። አሠራሩ ነው።

እትዬ ሶልያና የሞቱት በሰኔ ነው።

ባለቤታቸው ጋሽ ናሆም ይባላሉ፤ ባቡር ጣቢያ ትኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። ልጅ አልወለዱም። ደጃፋቸው ላይ ሁለት ነው የሚለው። ጋሽ ናሆም ዝም ያሉትን ያህል እትዬ ሶልያና ይናገሩ ነበር። ለቅሶ ሲሆንማ ሌላ ናቸው። ተራቸው ደርሶ ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ፊሽካው ሲነፋ ይነሱና ወደ በሩ የሚሄዱ መስለው ሽንት ቤት ገብተው ይቆልፋሉ።

"ሶልያና! ተራሽ አልቋል!" ይላሉ ጋሽ ኦብሳ ከበር።

"ሆዴን አሞኛል!"

"ኧረ ባክሽ ውጪ፣ ለዋጯ ጮኸች!"

"ትጩኽ! እሷም ታልቅስ!"

ሌላው ተራኛ እስኪወጣ እዚያው ይቆያሉ። እንዲህ እያሉ በሰፈሩ ለቅሶ ሁሉ ከማንም የበለጠ ተቀምጠዋል። የሙቀት ቢሮዋ የኢንጂነር ሂክማ አባት የሞቱ ጊዜማ ሽንት ቤት ውስጥ አድረው ጠዋት ነው የወጡት፣ ዓይናቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ።

እና አሁን የሳቸው ተራ ሆነ። ቀብሩ ጎህ ሳይቀድ ተፈጸመ። ሲመሽ ሰፈሩ ወጣ። ቤቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ራሳቸው ጋሽ ናሆም ናቸው። ስለዚህ አንድ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው። ሰልፉ ከጋሽ ናሆም ደጃፍ ተነስቶ በአስፋልቱ ታጠፈ። ግድግዳው የቀኑን ፀሐይ እየመለሰ ሰውን ይጠብሰዋል። ሁለት ሴቶች ወደቁ። ሌሎቹ "ነገ እንደርሳለን" እያሉ ፎጣቸውን ተከናንበው ተመለሱ። በሁለተኛውም ማታ እንደዚያው።

የኔ ተራ ሲደርስ ገባሁ። ጋሽ ናሆም ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ይዘዋል። "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አልኩና ተቀመጥኩ። ቀልድ አልመጣልኝም፤ እኔ ላይ ይህ ብርቅ ነው።

"ኪሩ" አሉኝ፣ "ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ሰው ነው የማየው።"

"ስንቱ ሰው ገብቶ ጋሼ!"

"ፊቱ ይቀያየራል እንጂ አንድ ሰው ነው። አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይገባል። ባዶ ባቡር እንደማሳለፍ ነው።" ወደ ለዋጯ በኩል አዩ። "ነገ ሳህኗን ልታወጣ ትመጣለህ አይደል?"

"ነገ አይደለም ጋሼ፤ ከነገ ወዲያ ጠዋት።" ቀኑን እንዴት እንደቆጠርኩት አትጠይቁኝ። አፌ ነው የቆጠረው።

"ከዚያ ወዲያ በሬ ላይ አንድ ነው የሚለው። እኔ ብቻ።" ጉልበታቸውን ለቀቁ። "ከዚያ በፊት አንዴ፣ አንድ ማታ ብቻ፣ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ቢቀመጥላት ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ለሁሉ ተቀምጣለች። ጫጫታውን ብሰማው።"

ፊሽካው ተነፋ። ወጣሁ።

ወጥቼ ቀጥታ ጋሽ ኦብሳ ጋር ሄድኩ። ፊሽካቸውን ከአፋቸው ሳያወጡ ገላመጡኝ።

"ጋሽ ኦብሳ፣ እድር ድሮ ለለቅሶ ቤት ምን ያበድር ነበር?"

"ደግሞ ምን ልትሠራ ነው?"

"ይንገሩኝ አቦ!"

"ድንኳን። አግዳሚ ወንበር። ድስት፣ ሳህን፣ ማንኪያ..."

"በቃ። እኔም የምጠይቀው ሳህን ነው።"

ነገርኳቸው። ለዋጯ ቡሎኖቿ ረጃጅም ናቸው፤ ሲፈቱ ተጨማሪ ሳህን ትቀበላለች። እያንዳንዱ ቤት ከለዋጩ ጥቂት ሳህን ቢያበድር፣ የጋሽ ናሆም ለዋጭ ትወፍራለች፣ ሰፈሩ ሁሉ ይገባል። ጋሽ ኦብሳ አሰቡ። ቀና ብለው ከመንገዱ ማዶ ያለውን የራሳቸውን ደጃፍ አዩ።

"ኪሩ፣ ይህ እንደ አስራ አምስቷ ቀልድ ከሆነ አጥንትህን ነው የምሰብረው።"

"እናቴ ትሙት ቀልድ አይደለም።"

"እናትህ ሞተዋል እኮ፤ እኔ ነኝ በር ላይ የቆምኩት።"

"እንግዲያው እርስዎ ይሙቱ።"

ሳቁና ፊሽካቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሰው ሳህኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ መምጣት ጀመረ። አንዳንዱ ሁለት፣ አንዳንዱ አራት። አንዷ ሴትዮ "የልጄን ሦስቱን አምጥቻለሁ፣ የባሌን ግን አልነካሁም፣ እሱ ያልበዋል" አለች። ተቀበልኩ፣ ማሸጊያ ጎማቸውን አየሁ፣ ደረደርኩ። ሳህን በሳህን ላይ ስሰካ ለዋጯ እየረዘመች ቡሎኑ ጫፍ ደረሰች። ሥራዬን ወደድኩት። ብዙ ጊዜ የማወጣ እንጂ የምጨምር ሰው አይደለሁም።

ሃያ ያህል ሰው ገባ። ጋሽ ናሆም ከፍራሻቸው ተነስተው ቆሙ፣ ማንን ቀድመው እንደሚያዩ ጠፋቸው። ደስ ሊለኝ ሲል ለዋጯ ጮኸች።

"ትንሽ ታገሱ፣ ትለምደዋለች!" አልኩ።

አልለመደችውም። አየሩ እንደ ድስት ክዳን ከላያችን ተጫነ። ከሰው ግንባር ላብ መንጠባጠብ ጀመረ። ጋሽ ናሆም ግድግዳውን ተደግፈው ቁልቁል ተንሸራተቱ። ጋሽ ኦብሳ ፊሽካውን ደጋግመው ነፉት፣ ሰው ሁሉ ተገፋፍቶ ወጣ። ሁለት ሆነን ሽማግሌውን ውሃ አፈሰስንባቸው። ሰው ሁሉ የደጃፉን ቁጥር እንደቀየርኩበት አድርጎ አየኝ።

በዚህ መሃል ኢንጂነር ሂክማ ደረሰች። ሂክማ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ አንደኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ነበርን። እሷ ትምህርቷን ቀጠለች፣ በሙቀት ቢሮ ለዋጮቹን በልክ የሠራቻቸው እሷ ናት። ለለቅሶው ነው የመጣችው፣ ጥቁር ለብሳለች። ሰው ደጅ ተበትኖ ስታይ ወደ ጀርባ ዞረች። ያወፈርኳትን ለዋጭ አየች፣ መዳፏን ቧንቧው ላይ አሳረፈች።

"ማን ነው ይህን የሠራው?"

ሰው ሁሉ ወደኔ ጠቆመ። እንደዚያ ቀን ተባብሮ አያውቅም።

"ኪሩ፣ ሳህን ስትጨምር ሙቀቱ የሚሻገርበት ቦታ ይሰፋል። እዚህ ላይ ልክ ነህ።"

"አላልኳችሁም?"

"ቆይ። ወደዚህ ቤት የሚገባው ውሃ ግን የሁለት ሰው ውሃ ነው። ብርጭቆ ብታበዛ ማሰሮው ውስጥ ያለው አይጨምርም። ያቺው ውሃ ለሁሉም ሳህን ጠብ ጠብ ስትል ወዲያው ትሞቃለች፣ ከሞቀች ደግሞ የምትወስድልህ ነገር የለም።"

ይህ በእውነት አልታየኝም ነበር። ብረቱን እንጂ ውሃውን አላሰብኩትም።

ጋሽ ኦብሳ ቀረብ አሉ። ተቆጥተዋል፤ በኛ ሰፈር ሽማግሌ ሲቆጣ ድምፁን ይቀንሳል። "ሂክማ፣ ልጄ፣ በልክ ያረግሽው አንቺ ነሽ። ከዚህ ሰፈር አልወጣሽም? ለቅሶን እንዴት ረሳሽው?"

"አልረሳሁትም ጋሽ ኦብሳ።"

"እና?"

"መጀመሪያ ስነድፈው ለቅሶን ቆጥሬው ነበር። በየቤቱ አርባ ሃምሳ ሰው ብዬ። ለዋጯ ከቤቱ በለጠች። ውሃውም ለከተማው ግማሽ አልደረሰም። ወይ ግማሹ ሰው ይኖራል፣ ወይ ለቅሶው ይቀራል።" መዳፏን ከቧንቧው አነሳች። "ለቅሶውን ሰረዝኩት። ከዚያ በዓመቱ አባቴ ሞተ።"

ያን ሌሊት ሽንት ቤት ውስጥ ያደሩት ማን እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን።

"የእትዬ ሶልያና ሳህን መቼ ነው የሚወጣው?" አለችኝ።

"ዛሬ ጠዋት መውጣት ነበረበት። ነገ ጠዋት ነው ብያቸዋለሁ።"

ቧንቧውን በዓይኗ እስከ መንገዱ ተከተለችው። ከዚያ "የሰፈሩ ውሃ በአንድ ቧንቧ ነው የሚመጣው" አለች። "እያንዳንዱ ሰው የቤቱን ውሃ ቢዘጋ፣ እኔ ደግሞ እዚህ መግቢያው ላይ ውሃውን የሚያሳንሰውን ቀለበት ባወጣው፣ የሁላችሁም ውሃ ወደዚህ ይመጣል።"

"ቤታችንስ?" አለ ከኋላ አንድ ሰው።

"ቤታችሁ ውስጥ ማን አለ? ሁላችሁም እዚህ ናችሁ።"

"ይግላላ! እስኪበርድ ጠዋት ነው የሚሆነው። የት እናድራለን?"

ጋሽ ኦብሳ ወደ ሰውየው ዞሩ። "ለቅሶ ቤት" አሉ። "ለቅሶ ቤት ይታደር ነበር።"

ቀላል እንዳይመስላችሁ። በዚህ ዘመን የገዛ ቤትህን ውሃ ዘግቶ መውጣት ገመድ ቆርጦ ወደ ጉድጓድ እንደ መውረድ ነው። ሰው ቆመ፣ ተያየ። አንዷ "ወተቴ" አለች፣ አንዱ "ዓሣዎቼ" አለ። "ቢሮው ቢያውቅስ?" ያሉም ነበሩ። ሂክማ "ቢሮው የሚያውቀው እኔን ነው፣ እናንተን አይደለም፤ ነገ የሚጠሩት እኔን ነው" አለች። ያኔ ባለወተቷ ሄዳ ዘጋች። ከዚያ ባለዓሣው ውሃ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን ከነዓሣዎቹ ታቅፎ መጣ። ቤት ለቤት እየዞርን ውስጥ የቀረ ሰው እንደሌለ አረጋገጥን፤ ከአልጋ የማይነሱትን አንድ አዛውንት ከነአልጋቸው ተሸክመን አመጣን። መንገድ ላይ "የሞትኩት እኔ ነኝ እንዴ?" እያሉ ይጠይቁ ነበር።

ሂክማ ቀለበቱን አወጣችው። ስፋቱ የጋብቻ ቀለበት ያህል ነው። ውሃው በቧንቧው ሲገባ ድምፁ ተሰማ፤ እኔ ስንት ዓመት ስሠራ እንደዚያ ሲገሰግስ ሰምቼው አላውቅም።

ገባን። ሁላችንም። ፍራሹ ሞላ፣ ወለሉ ሞላ፣ ኩሽናው ሞላ። ለዋጯ አልጮኸችም። ቤቱ በረደ። ጋሽ ናሆም መሃል ተቀምጠው ዙሪያቸውን እያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚቆጥሩ ይመስለኛል።

እና ዝም አልን።

እንዴት እንደሚባል ማንም አያውቅም። ከኛ ለሚያንሱት ለቅሶ ማለት ተቀምጦ ፊሽካ መጠበቅ ነው። ከኛ የሚበልጡት ደግሞ የሚያውቁትን ከረሱት ቆይቷል። እንዳናሞቅ ሰውነታችንን ሰብስበን፣ ትንፋሻችንን ቆጥበን፣ ክንዳችንን ከሌላው ክንድ አርቀን ተቀመጥን። ሰው በየተራ ጋሽ ኦብሳን ያያል፣ መቼ ነው የሚነፉት ብሎ። ጋሽ ኦብሳ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ፣ ይተዉታል። ጋሽ ናሆም መጠበቃቸው ይታያል። የጠየቁት ጫጫታውን ነበር።

በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተና አንዲት አሮጊት ከጎሮ ሰፈር መጥተው ገቡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ደረታቸውን በመዳፋቸው መቱ፣ "ወይኔ ሶልዬ! ወይኔ የሰው ሁሉ ለቅሶ ተቀማጭ! ማን ይቀመጥልሽ?" ብለው አንድ ጊዜ ለቀቁት። ቤቱ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ባለወተቷ፣ ከዚያ ሂክማ ፊቷን ሸፍና፣ ከዚያ ወንዶቹ። ጋሽ ኦብሳ እንደ ልጅ እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ተኩል ሆነ፣ ሁለት ሆነ፤ ለዋጯም በመጨረሻ ጮኸች፣ ማንም አልሰማትም። ጋሽ ናሆም ጫጫታው መሃል ዓይናቸውን ጨፍነው አለቀሱ። ጠግበው አለቀሱ።

ጠዋት ሰው ወደየቤቱ ተመለሰ። ሂክማ ቀለበቱን መልሳ ገጠመችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ቢሮው ጠርቷት ምን እንዳላት አልነገረችንም፤ ከዚያ በኋላ ግን በኛ ሰፈር ለዋጭ ላይ እንድትሠራ አልተፈቀደላትም። እኔ ቡሎኖቹን ፈታሁ። ሳህኖቹን አወጣሁና እያንዳንዱ ቤት ያበደረውን በቁጥር እየመደብኩ ክምር አደረግኩ። ጋሽ ናሆም መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"የሷ የትኞቹ ናቸው?"

ሳህን ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ማታ በጥድፊያ ደባልቄያቸዋለሁ፣ ማንም ሊለያቸው አይችልም። ነጭ ቅርፊት የበዛባቸውን ሰባቱን አነሳሁ።

"እነዚህ ናቸው ጋሼ። እትዬ ብዙ ይናገሩ ስለነበር ብዙ ሠርተዋል።"

ተቀበሉኝ። ተቀምጠው አንድ በአንድ ራሳቸው አጠቧቸው፣ በሎሚ አሲድ ሳይሆን በጥፍራቸው እየፋቁ። ሲጨርሱ ሰጡኝ። ከደጃፉ በላይ ያለችው ቁጥር አንድ ሆነች። ሳህኖቹ በዚያው ሳምንት ሳቢያን ሰፈር ለተወለደች አንዲት ሕፃን ሄዱ። ስሟን አልጠየቅኩም።

ታሪኩ ይኸው ነው። እንዳልኳችሁ ሁሉም እውነት ነው፤ አንዲት ነገር ብቻ ጨምሬበታለሁ። ከጎሮ የመጡት አሮጊት የሉም። ብዙ ጊዜ ስላወራኋቸው፣ እዚያ ማታ የነበሩ ሰዎች እንኳን አሁን "አዎ፣ ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ አለ" ይሉኛል። የለም። በሩን የከፈተ ሰው አልነበረም። ያን ማታ ማንም አላለቀሰም።

የሆነው እንዲህ ነው። ተሰብስበን ዝም እንዳልን ቆየን። ሳህኑ የሰፈር ሳህን፣ ውሃው የሰፈር ውሃ፣ ሰው ደግሞ ትንፋሹን ቆጥቦ የተቀመጠ። ቤቱ እየበረደ፣ እየበረደ ሄደ። የክንዳችን ፀጉር ቆመ። ልጆቹ ምን እንደሆነ አላወቁትም፣ ታመምን ብለው ፈሩ። ጋሽ ናሆም "ኪሩ፣ በረደኝ" አሉኝ። ጋቢ ብሎ የተነሳ ሰው ነበር፤ ቆሞ አሰበና መልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉ ቤት ጋቢ ያለው አንድም አልተገኘም።

ጋሽ ኦብሳ ተነሱና ሄደው ጋሽ ናሆም ጎን ተቀመጡ፣ ትከሻቸውን አስነክተው። ሂክማ በሌላው ጎን። ከዚያ ሌላውም እየተንፏቀቀ መጣ፣ ዓሣውን የታቀፈውም። እኔ ቦታ አጥቼ ከፊታቸው ተንበረከክኩና እጃቸውን ያዝኩ። እንደ ብረት ቀዝቅዟል።

"እጅህ ይሞቃል" አሉኝ፣ አጥብቀው ያዙት።